ፊልሙ ካለቀ በኋላ፦ የወገዳ ፎቶ ቤት የትኛውን ካሜራ ይግዛ?

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የፊልም ካሜራ ሥራ ያቆመው ማንም ሳያውጅለት ነው። የወረዳ ከተማ ፎቶ ቤት ባለ 36ቱን የቀለም ፊልም አንሥቶ ሲጨርስ ትልቅ ከተማ ወዳለ የፊልም ማጠቢያ ላብ ልኮ ያሳጥብ ነበር። ላቦቹ ሲመናመኑ ካሜራውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ያገኘውን ዲጂታል ገዛ። ያኔ አብዛኛው ሰው ካሜራ አልመረጠም፤ ገበያው ያቀረበለትን ያዘ። አሁን ያ የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አርጅቷል፤ መደርደሪያው ላይ የቀሩት የፊልም ዘመን ሌንሶች ግን ብዙዎቹ ገና ይሠራሉ። ስለዚህ ከፊልም ወደ ዲጂታል ሲሻገሩ ምን መግዛት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ መጥቷል።

የካሜራ ሻጭ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው በሞዴል ስምና በሜጋፒክስል ነው። ለወገዳ ባለፎቶ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ወይም የደብሩን መጻሕፍት ማስነሣት ለሚፈልግ አስተዳዳሪ ግን የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ያለው ገንዘብ በካሜራው፣ በሌንሱ፣ በባትሪውና በማስቀመጫው መካከል እንዴት ይከፋፈል? በፊልም ዘመን ለማስቀመጫ ተብሎ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም፤ ኔጋቲቩ ራሱ ማስቀመጫ ነበር። ዛሬ ይህን ወጪ ረስቶ ብሩን ሁሉ ካሜራው ላይ የሚያፈስ ሰው ጥሩ ካሜራ ይዞ ሥራውን ያጣል።

ገበያው እዚህ እንዴት ደረሰ

የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ 0.01 ሜጋፒክስል የሆነችውን አንዲት ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ኮዳክ ትርፉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከፊልም፣ ከወረቀትና ከማጠቢያ ኬሚካል ስለነበር የራሱን ፈጠራ በሙሉ ልቡ አልገፋበትም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖን 300ዲ የተባለውን ባለ 6.3 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ1,000 ዶላር በታች አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒኮን አብዛኞቹን የፊልም ካሜራዎቹን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኮኒካ ሚኖልታ ከፎቶ ሥራ ጨርሶ ወጣ።

ይህ የዓለም ዜና ወረዳ ድረስ የደረሰው በላቡ በኩል ነው። የቀለም ኔጋቲቭ ማጠቢያ ኬሚካል 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሳይዋዥቅ መያዝ አለበት፤ በየጊዜውም መታደስ ይፈልጋል። በቀን የሚገባው ፊልም ከተወሰነ ቁጥር ሲያንስ ኬሚካሉ ሳይሠራበት ይበላሻል። በዚህ ምክንያት ላብ ቀስ እያለ አያንስም፤ ደንበኛው ሲሳሳ አንድ ቀን ይዘጋል። ካሜራው ጤነኛ፣ ባለሙያውም ብርቱ ሆኖ ሳለ ሥራው በአንድ ወቅት የቆመበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛ ለውጥ አለ። ካኖንና ኒኮን ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ጉልበታቸውን መስታወት አልባ ወደሚባሉት ካሜራዎች አዙረዋል። ውስጣቸው መስታወት ያለባቸው ዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራዎች በሀብታሞቹ አገሮች ከእጅ እየወጡ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ይህ ለእኛ መልካም ነበር። የውጭ ምንዛሪው ግን ተቃራኒውን ሠራ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የረከሰው አሮጌ ካሜራ በብር አልረከሰም። በዚህ ሁኔታ የተሳሳተ ግዢ ለትንሽ ፎቶ ቤት የአንድ ሙሉ የሰርግ ወቅት ገቢ ሊበላ ይችላል።

የድሮው ሌንስ ምን ያህል ያዋጣል

ፊልም ሲያነሣ የኖረ ሰው ወደ ዲጂታል የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። ሌንስ አለው። ምን ዓይነት ሌንስ እንዳለው ካላየ ግን ሻጩ ያለውን ሀብት ዋጋ አሳጥቶ አዲስ ያሸክመዋል።

ኒኮን መስታወት ባላቸው ካሜራዎቹ ላይ የሌንስ ማቀፊያውን ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ በመሠረቱ አልቀየረም፤ አሮጌው ሌንስ አብዛኞቹ የኒኮን ዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራዎች ላይ ይገባል። ሆኖም መግባትና መሥራት ይለያያሉ። የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ በፊልም ዘመን በራሱ ፎከስ ያደርግ የነበረው አብዛኛው ሌንስ እነርሱ ላይ በእጅ ብቻ ይሠራል። ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ የሚዞረው ሌንስ ሲገባባቸው ደግሞ የብርሃን መለኪያቸው ጭምር ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዲ7000 ሁለቱንም ይሠራል። እንግዲህ የኒኮን ሌንሶች ላሉት ሰው የ2010ሩ ዲ7000 እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ዲ3500 ይሻለዋል፤ አዲሱ ካሜራ የግድ የተሻለ አይሆንም ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ1977 በፊት የተሠሩና ያልተሻሻሉ ሌንሶች ዲ7000 ላይ በጉልበት ከተገጠሙ ማያያዣውን ይሰብራሉ።

የካኖን ነገር ሌላ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1987 ማቀፊያውን ሙሉ በሙሉ ቀየረ። ኤኢ-1ን በመሰሉት የቀድሞ ካሜራዎች ላይ የነበረው ሌንስ በካኖን ዲ.ኤስ.ኤል.አር ላይ አይገባም፤ ከ1987 ወዲህ በወጡት ኢኦኤስ የፊልም ካሜራዎች ላይ የነበረው ግን ያለ ምንም ችግር ይሠራል።

ከደርግ ዘመን የተረፈው ዜኒት ደግሞ ያልተጠበቀ ዕድል አለው። የሶቪየቱ ካሜራ ሌንስ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው፤ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ዲ.ኤስ.ኤል.አር ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በመካከሉ አንዲት ቀጭን ቀለበት ገብታ ሌንሱ ከቅርብም ከሩቅም በትክክል ይሠራል። የያሺካና ኮንታክስ ሌንስም በዚሁ ስሌት ካኖን ላይ ይገባል። የኒኮን ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ለቀለበቷ ቦታ የለም፤ ዜኒቱ ኒኮን ላይ ሩቁን ጥርት አድርጎ አያሳይም። ሂሊዮስ የተባለው የዜኒት ባለ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከፊልሙ ፍሬም በሚያንሰው የካኖን ሴንሰር ላይ ሲገባ ለፊት ፎቶ የሚመች 93 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ይሰጣል። መስታወት አልባ ካሜራዎች ይህን ርቀት በእጅጉ ስላሳጠሩት፣ ለምሳሌ ሶኒ 18 ሚሊ ሜትር ስላደረሰው፣ ከላይ የተጠቀሱትን ሁሉ በቀለበት ይቀበላሉ።

ሆኖም የድሮ ሌንስ የሚያዋጣው ተቀምጦ ለሚነሣ ሰውና ለዕቃ ነው። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ በእጅ ፎከስ የሚያደርግ ሰው ያመልጠዋል። ለሰርግ ካሜራው ይዞት የሚመጣው 18–55 ሌንስ ይበቃል። አሮጌውን ሌንስ እንደ ሀብት ከመቁጠር በፊት ደግሞ በስልክ መብራት ከጀርባው አብርቶ ማየት ነው፤ በቆዳ ቦርሳ ጨለማ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ሌንስ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አብቅሎ ሊሆን ይችላል።

የክፍሉ ስፋትና የሜጋፒክስል ወጥመድ

የፊልሙ ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በኪስ አቅም የሚገኙት የዲጂታል ካሜራዎች ሴንሰር ግን ኒኮንና ሶኒ ላይ 23.5 በ15.6፣ ካኖን ላይ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ጠባብ የፎቶ ቤት ክፍል ይታያል። ካሜራው ከመጋረጃው 3 ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በፊልም ላይ 2.16 ሜትር ስፋት ይይዝ ነበር፤ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ያው ሌንስ ከዚያው ቦታ በኒኮን ትንሹ ሴንሰር ላይ 1.41 ሜትር ብቻ ይይዛል። ሁለቱ ከፍሬም ይወጣሉ፤ ባለፎቶ ቤቱም ግድግዳውን ገፍቶ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ስለዚህ ለቤተሰብ ፎቶ 30 ሚሊ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች የሚሰፋ ሌንስ ሳይኖር ካሜራ መግዛት ሥራውን በግማሽ መቁረጥ ነው።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ሌላ አደጋ አለ። በፊልም ዘመን ይሠራበት የነበረው አሮጌ ፍላሽ፣ በተለይ ቀደምቶቹ ቪቪታር 283፣ በማቀጣጠያው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይልካል። ካኖን ለአንዳንድ ካሜራዎቹ ከ6 ቮልት እንዳያልፍ ያስጠነቅቅ ነበር። በገመድ አልባ ማቀጣጠያ ካልተለያዩ ፍላሹ አዲሱን ካሜራ ሊያቃጥል ይችላል።

ሜጋፒክስልን በተመለከተ ስሌቱ አጭር ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ጉርድ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለመታተም 0.17 ሜጋፒክስል ብቻ ይፈልጋል። 10 በ15 የሆነው የአልበም ፎቶ 2.1 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 30 በ40 እንኳ 17 ሜጋፒክስል አይሞላም። የ2003ቱ ካኖን 300ዲ ለአብዛኛው የወረዳ ሥራ በቂ ነበር ማለት ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ ባለ 33 ለማግኘት የሚጨመረው ገንዘብ ከሁለተኛ ባትሪና ከሃርድ ዲስክ ላይ የተወሰደ ነው።

ነጭ ነጠላ በቀትር ፀሐይ

በፊልም የሠራ ሰው አንድ የለመደው ልማድ አለ፤ ዲጂታል ላይ ይጎዳዋል። ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ያለውን ያጠፋል። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ትንሽ አብዝቶ ማንሣት ለምዷል። ዲጂታል ሴንሰር በተቃራኒው ነው። ጥላውን በኋላ ማንሣት ይቻላል፤ ከመጠን በላይ የበራው ግን ተመልሶ አይገኝም።

በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ የጥምቀት ቀን እኩለ ቀን ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰችን ጠይም እናት የሚያነሣ ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል። ካሜራው ፊቷን ለማሳየት ሲያበራ የነጠላዋ ሽመናና የጥለቱ ጠርዝ ባዶ ነጭ ይሆናል። መፍትሔው ለነጠላው መለካትና ፊቱን በኋላ ማብራት ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ካሜራው ጄፔግ ብቻ ሳይሆን ሮው ፋይል መያዝ አለበት። ሁለተኛ ሴንሰሩ ጥላን ሲያነሡት የማይቆሽሽ መሆን አለበት፤ በዚህ ረገድ የእ.ኤ.አ. 2010ዎቹ ኒኮንና ሶኒ በተመሳሳይ ዋጋ ከነበሩት የካኖን ካሜራዎች፣ ለምሳሌ ከ1100ዲ እስከ 2000ዲ ካሉት፣ በግልጽ ይበልጣሉ። በዜኒት ሌንስ ምክንያት ካኖንን የሚመርጥ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው። በእኔ ግምት በበዓልና በሰርግ ሥራ የሚተዳደር ሰው ለሴንሰሩ ቢያደላ ይሻላል፤ ሌንስ በኋላ ይገኛል።

መብራት ሲጠፋ

ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚሠሩት የፊልም ካሜራዎች ባትሪ የሚፈልጉት፣ ከፈለጉም፣ ለብርሃን መለኪያ ብቻ ነበር። ዲጂታል ካሜራ ያለ ባትሪ አይከፈትም። በኢንዱስትሪው መለኪያ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ ያነሣል፣ ካኖን 2000ዲ 500፣ መስታወት አልባው ካኖን ኤም50 ግን 235 ብቻ። ልዩነቱ የሚመጣው መስታወት አልባ ካሜራ ፎቶ ሳያነሣም ስክሪኑንና ሴንሰሩን ዘወትር ስለሚያበራ ነው።

እንዲህ ሲታይ ዲ.ኤስ.ኤል.አር ያሸነፈ ይመስላል። ሆኖም የቻርጁ መንገድ ነገሩን ይቀይረዋል። እንደ ሶኒ ኤ6000 ያሉ መስታወት አልባ ካሜራዎች በስልክ ገመድ ከፓወር ባንክ ቻርጅ ይደረጋሉ፤ ፓወር ባንኩ ደግሞ ከትንሽ ሶላር ይሞላል። ዲ3500 በራሱ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይሞላም። መብራት ለአንድ ቀን ለሚጠፋበት ከተማ ዲ.ኤስ.ኤል.አር ከሁለት ባትሪ ጋር ይበቃል። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ወርደው ቆላ ቀበሌ ውስጥ ቀናት ለሚያሳልፉ ግን ከፓወር ባንክ የሚሞላው ይመረጣል። ኒኮን ከዲ3100 እስከ ዲ3500 አንድ ዓይነት ባትሪ መጠቀሙ ሌላ ጥቅም አለው፤ አሮጌው ካሜራ ቢሰበር ባትሪዎቹ ለሚቀጥለው ያገለግላሉ።

ስልክና ፋይዳ

የወረዳ ፎቶ ቤት ኪራዩን የሚከፍለው በአብዛኛው ከጉርድ ፎቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ፊትን፣ አሻራንና የዐይን ብሌንን እዚያው ምዝገባው ላይ ይወስዳል፤ ደንበኛው ፎቶ ይዞ አይመጣም። ትምህርት ቤትና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጉርድ ፎቶ መጠየቅ ቢቀጥሉም አቅጣጫው ግልጽ ነው። የተራው ቀን ፎቶ ደግሞ ወደ ስልክ ሄዷል። ለፎቶ ቤት የቀረው ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና ማተም ነው። ሰርግ ደግሞ ዛሬ ቪዲዮ ጭምር ይፈልጋል። ርካሾቹ ዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀዱ ፎከሳቸው ይዋልላል፤ እዚህ ላይ መስታወት አልባው ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

ስልኩን እንደ ጠላት ብቻ ማየት ግን ስሕተት ነው። ደንበኛው በስልኩ ያነሣቸውን ሺህ ፎቶዎች የትም አላተማቸውም። ለብዙ ፎቶ ቤት ከአዲስ ካሜራ ይልቅ ደኅና ማተሚያ ቶሎ ገንዘቡን ይመልሳል።

ኔጋቲቩ ያደርግ የነበረውን አሁን ማን ያደርጋል?

የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል፤ ቅጂው በአሜሪካ ሚኔሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀምጦ እነጌታቸው ኃይሌ ዝርዝሩን አዘጋጅተውለታል። ከዚያ በኋላ አብዮትም ጦርነትም መጥቷል፤ ፊልሙ ግን ይነበባል። ጉድለቱ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነበር፤ ጸሐፊው የቅዱሳንን ስም የጻፈበት ቀይ ቀለም በፊልሙ ላይ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም የምትገኝበት ጋይንት ዛሬ በዲጂታል ካሜራ መጻሕፍቱን በቀለም፣ ያለ ፍላሽ፣ በማቆሚያ ላይ ማስነሣት ይችላል። ቀለሙን ዲጂታል ሰጥቷል፤ ፊልሙ የሰጠውን ዕድሜ ግን በራሱ አይሰጥም።

የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የተጣለ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ማንም ሳይነካው 40 ዓመት ይቆያል። ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ይወድቃል፣ ሚሞሪ በቫይረስ ይጠፋል፣ ወይም ለሚቀጥለው ሰርግ ቦታ ለማግኘት ይደመሰሳል። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ የሚለው ምክር በአማራ ክልል ብዙ አይረዳም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ሮው ፋይል 25 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 1,000 ፎቶ የተነሣበት ሰርግ 25 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ቴራባይት ዲስክ 40 ያህል ሰርግ ይይዛል። ሁለት ዲስክ ተገዝቶ አንዱ ከፎቶ ቤቱ ውጭ በሌላ ቤት መቀመጥ አለበት። በጀት ሲወጣ ይህ ከካሜራው በፊት ይቆረጥ፤ በተረፈው ካሜራ ይገዛ።

ወዴት ያመራል

በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አሮጌ ዲ.ኤስ.ኤል.አር የብዙው ፎቶ ቤት መሣሪያ ሆኖ መቆየቱ አይቀርም። ለዚህ ገዢ ዲ7000ን ወይም ዲ3300ን የመሰለ ካሜራ፣ 18–55 ሌንስና ሁለት ባትሪ ልኩ ነው። ሲገዛ የሸተሩን ቁጥር፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሣ፣ ይጠይቅ፤ ኒኮን ዲ7000ን የፈተነው ለ150,000 ፎቶ ነው፤ በፊልም ቢሆን ከ4,000 በላይ ጥቅል ማለት ነበር፤ በዛሬው የሰርግ አነሳስ ግን የ150 ሰርግ ዕድሜ ብቻ ነው። መስታወት አልባው ቪዲዮ በሚፈለግባቸውና ብዙ ዓይነት የድሮ ሌንስ ባለባቸው እጅ ቀስ እያለ ይገባል፤ ጥገናውና ባትሪው ሲቀርብ ፍጥነቱ ይጨምራል። ስልክና ማተሚያ ብቻ ይዞ የሚቀር ፎቶ ቤትም ይኖራል፤ ይህም አያሳፍርም።

የትኛውም ቢገዛ ካሜራው ሊሠራው የሚገባ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ከወገዳ እስከ ነፋስ መውጫ በየፎቶ ቤቱ ጓዳ የቀሩትን ኔጋቲቮች ከጀርባ እኩል ነጭ ብርሃን አድርጎ በቅርብ በሚያነሣ ሌንስ ወደ ዲጂታል መገልበጥ ይቻላል፤ 24 ሜጋፒክስል ለዚህ ይበቃል። መጀመሪያ መገልበጥ ያለባቸው በጣም ያረጁት ጥቁርና ነጮቹ አይደሉም። እነርሱ በደንብ ከታጠቡ ምስላቸው ከብር ማዕድን የተሠራ ስለሆነ ይቆያል። የቀለሞቹ ኔጋቲቮች ቅልም ግን በጨለማ ውስጥም ሳይቀር እየደበዘዘ ስለሚሄድ ቅድሚያው ለእነርሱ ነው።